ሁለት ጨዋዎችና አንድ የመቀነስ ምልክት

ቢሯችን ካዛንቺስ ነው፣ ከኡራኤል ብዙ አይርቅም። የኔ ጠረጴዛ በአለቃችን በጋሽ አጥናፉና በአዲሷ ባልደረባችን በልዩ መሃል ስለሆነ የሁለቱም ስክሪን ይታየኛል። የሰው ስክሪን ማየት ነውር መሆኑን አላጣሁትም፤ ግን ከዓይኔ ጋር ተጣልቼ የት እደርሳለሁ?

የልዩ የሙከራ ጊዜ ዛሬ ያልቃል። ከሰዓት በኋላ ቄራ የሥጋ ማቀዝቀዣ ክፍል ያላቸው ወይዘሮ አምሳለ መጥተው የመጠባበቂያ ባትሪያችንን የኮምፒውተር ሞዴል ያያሉ። ሞዴሉ ከሠራ ልዩ ትቀጠራለች፤ ካልሠራ ደህና ሁኚ ነው። በሞዴሉ ውስጥ ባትሪውን የሠሩት ጋሽ አጥናፉ ናቸው፣ መቆጣጠሪያውን ደግሞ እሷ።

ጠዋት ሁለቱን አገናኝተው ሲሙሌሽኑን ሲያስነሱት ጉድ ታየ። መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው በባትሪ እየሠራ፣ ባትሪው በማለቅ ፈንታ ይሞላል። እንዲህ ያለ ባትሪ ቢኖርማ ሰፈሩ በሙሉ ደጃችን ላይ በተሰለፈ ነበር።

ነገሩ ቀላል ነው። ጋሽ አጥናፉ ከባትሪው የሚወጣውን ከረንት ፖዘቲቭ ይሉታል፤ ልዩ ደግሞ ወደ ባትሪው የሚገባውን። ሁለቱም ልማድ ትክክል ነው፤ ብቻ አልተነጋገሩም። ከሁለት አንዳቸው አንድ የመቀነስ ምልክት ቢጨምሩ ያበቃ ነበር።

ግን የከተማውን ኢንጂነር ግማሹን ያስተማሩ ሰው ፊት ቆሞ «የእርስዎ አይገጥምም» ማለት ለልዩ የማይታሰብ ነው። እሳቸውም በዚህ ቀን ልጅቷን ማሳፈር አልፈለጉም። ስለዚህ እሷ በራሷ በኩል ምልክቱን ድምፅ ሳታሰማ ጨመረች። እሳቸውም በራሳቸው በኩል ጨመሩ። ሁለት መቀነስ ተገናኝቶ መደመር ሆነና ባትሪው መሙላቱን ቀጠለ።

ልዩ ያበላሸችው እሷ መስሏት አጠፋችው። ጋሽ አጥናፉም እሳቸው መስሏቸው አጠፉት። እንደገና ጨመሩ፣ እንደገና አጠፉ። በር ላይ የተገናኙ ሁለት ጨዋዎች «ይለፉ»፣ «እለፊ» ሲባባሉ ደጅ እንደሚያድሩት ማለት ነው። እኔ ሳቄን በሳል ስሸፍን ጋሽ አጥናፉ ዝንጅብል እንድጠጣ መከሩኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ልዩ ሳትበላ ቀረች። ዓይኗ መቅላቱን ሳይ ሳቄ ጠፋ፤ አፈርኩም። ደረጃው ላይ ጠርቼ ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት። ለጋሽ አጥናፉ እኔው እንድነግርላት ለመነችኝ።

«ማለቴ፣ እኔ ከነገርኳቸው ስክሪናቸውን ሳይ መዋሌን ያውቃሉ እኮ» አልኳት። ፈሪ አለችኝ፤ አልተሳሳተችም። ተመልሳ ምልክቷን ጨመረች፤ ለእሳቸው ግን ትንፍሽ አላለችም።

ወይዘሮ አምሳለ መጥተው ወንበር ሳቡ። ጋሽ አጥናፉ ሲሙሌሽኑን ከማስነሳታቸው በፊት፣ ለማንኛውም ብለው ነው መሰለኝ፣ ጣታቸው ወደዚያች ምልክት ሲሄድ አየሁ። ልዩም አየች። ከወንበሯ ተነሳች።

«ጋሽ አጥናፉ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እጅዎን ከኪቦርዱ ላይ ያንሱ። እኔ አስተካክዬዋለሁ። እርስዎም ሲያስተካክሉት ነው የሚበላሸው።»

አለቃውን በደንበኛ ፊት «እጅ ወደ ላይ» ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። ጋሽ አጥናፉ ግን እንደ ተማረከ ሰው ሁለቱንም እጃቸውን አነሱ።

ልዩ አስነሳችው። ባትሪው ቀስ እያለ ማለቅ ጀመረ፤ ሊያልቅ ሲልም ማስጠንቀቂያው ጮኸ። አጨበጨብን። ወይዘሮ አምሳለ ባትሪው አለቀ ተብሎ ለምን እንደሚጨበጨብ ግራ ገብቷቸው አንዴ እኔን አንዴ እሷን አዩ።

ልዩ በደንበኛ ፊት ስላዘዘቻቸው ይቅርታ መጠየቅ ስትጀምር ጋሽ አጥናፉ አቋረጧት። እጃቸውን ገና አላወረዱም ነበር።

«ነገ ስትመጪ» አሏት፣ «ከጠዋቱ ጀምረሽ እንዲህ እዘዢኝ።»