ከታላቅ ራስ በላይ

ልጆቼ፣ በእኛ መንደር ታናሽ ከታላቁ ራስ በላይ አይቆምም። ታላቅ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ሳለ የሚያልፍ ሰው ጎንበስ ይላል፤ ልብስ ሲሰጣ እንኳ የታናሽ ሱሪ ከታላቅ ሸሚዝ በላይ አይሰቀልም። እንግዲህ ቤተ መቅደስ ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሠራተኛ ከሁላችንም ራስ በላይ፣ ከቡድሃው ምስል ራስም በላይ ሊቆም ነው። ስለዚህ ሳይወጣ ይቅርታ ይለምናል። መጀመሪያ ከምስሉ፣ ቀጥሎ ከመነኮሳቱ፣ መጨረሻ ከራሱ ቤተሰብ ታላቅ። አበባና ጧፍ በሳህን ይዞ ይንበረከካል፤ ታላቁም ሳህኑን ይቀበልና «በልቤ የያዝኩብህ የለም፣ ውጣ» ይለዋል። ቂም ያለበት ጣሪያ አይጸናም ይባላልና፣ ይህ ሳይባል የወጣ የለም።

ታላቅ ወንድሜ ኢንፔንግ ይህችን ቃል ከአፉ ለማውጣት ስንት እንደተንገላታን ላጫውታችሁ።

እኛ ሦስት ነን፤ ኢንፔንግ ታላቅ፣ እኔ መካከለኛ፣ ቫንሳይ ታናሽ። አባታችን የቤተ መቅደስ ጠራቢ ነበር። በጣሪያው ጫፍ ላይ ለጌጥ የሚቆሙትን የእንጨት ዣንጥላዎች የሠራ እሱ ነው፤ መካከለኛው ረጅም፣ ግራና ቀኙ እያጠረ የሚሄድ። ረጅሙ የዓለም እምብርት የሆነው ተራራ ነው፣ አጫጭሮቹ ዙሪያውን የከበቡት ተራሮች። አባታችን ያን ሲሠራ ኢንፔንግ ጎረምሳ ነበር፤ መሮ ያቀብለው ነበር። «ይህ ሥራ አንድ ቀን ሲያረጅ አንተ ትተካዋለህ» አለው አባታችን። ኢንፔንግ ይህን ቃል ይዞ ሸበተ።

ከዚያ አውሎ ነፋስ መጣና ዣንጥላዎቹን ከነመቀመጫቸው አውርዶ ናም ኡ ወንዝ ውስጥ ጨመራቸው። ደረጃውም ፈረሰ። የመነኮሳቱ አለቃ ሁለቱን ወንድሞቼን ጠርተው፣ «መጀመሪያ የደረጃውን ዘንዶዎች ሥሩልኝ፤ የጣሪያውን ነገር ከዚያ አያለሁ» አሏቸው። ሰውን ከዚህ ዓለም ወደዚያኛው የሚያሻግሩት ዘንዶዎች ናቸውና፣ በቀኝ በኩል ያለውን ኢንፔንግ፣ በግራ ያለውን ቫንሳይ በኖራ ሠሩ።

የኢንፔንግ ዘንዶ እንከን አልነበረውም፤ ቅርፊቱ በክር የተለካ ነው። የቫንሳይ ግን ሊናገር አፉን የከፈተ ይመስላል። ሴቶች ጠዋት ለመነኮሳቱ ሩዝ ሰጥተው ሲመለሱ ቁንጥር ሩዝ ጠቅልለው ዘንዶው ሥር ይለጥፋሉ። ማንም ሳያዛቸው ሁሉም በግራ በኩል ይለጥፉ ጀመር።

«አየሽ?» አለኝ ኢንፔንግ አንድ ጠዋት። «የሱ ዘንዶ ሩዝ ይበላል። የኔ ጾመኛ ነው።»

«በግራ በኩል ጥላ ስላለ ነው ጋሼ።»

«ጥላውንም እሱ ሠራው በይኛ።»

አለቃውም ጣሪያውን ለቫንሳይ ሰጡት።

ኢንፔንግ ቤቱ ገብቶ መሮዎቹን አንድ በአንድ ሳለ፤ የሚጠርበው እንጨት ግን አልነበረውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ አልጣፈጠውም። ቫንሳይ ከሳቀ «ምን ያስቀዋል» ይላል፤ ዝም ካለ «ኮራ» ይላል። የቫንሳይ ዶሮ ብዙ እንቁላል ጣለች ሲባል ሰምቶ የራሱን ዶሮ ትኩር ብሎ ሲያያት አግኝቼዋለሁ።

ቫንሳይ ዣንጥላዎቹን ጠርቦ፣ ወርቅ ቀብቶ ጨረሰ። ክረምቱ ገብቶ መነኮሳቱ ለወራት ጸሎት ግቢያቸው ሳይከተቱ ጣሪያው መዘጋት አለበት፤ ደመናው ደግሞ ከወዲያ ማዶ እየጠቆረ ነው። የቀረው የኢንፔንግ ይቅርታ ብቻ። ቫንሳይ ሳህኑን ይዞ ሲመጣ ኢንፔንግ ዓሣ ሊያጠምድ ወርዷል። በማግስቱም ወርዷል። አበባው ይጠወልጋል፣ ሌላ ይቆረጣል። ሚስቱ ማኒቮን አንድ ቀን ባዶ ቅርጫቱን አይታ፣

«አንተ ሰውዬ፣ ዓሣው ነው እንዴ አንተን የሚያጠምድህ?» አለችው።

«ወንዙ ደፍርሷል።»

«ወንዙስ ይጠራል። አንተን እንጃ።»

ቫንሳይ መጨረሻ ላይ ታንኳ ተውሶ፣ ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወንዙ መሀል ተከተለው። ኢንፔንግ ወደ ማዶ ቀዘፈ። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች እየሳቁ አዩዋቸው፤ አንደኛዋ «ቫንሳይ፣ ልጃገረድ ብታባርር እስካሁን ታገባት ነበር» አለችው። እኔ ግን አልሳቅሁም። አለቃው ከዚህ በላይ አንጠብቅም፣ ከከተማ ሌላ ሠራተኛ እናስመጣለን ማለታቸውን ሰምቼ ነበር። ያኔ የአባታችን ሥራ ከቤታችን ሊወጣ ነው።

በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ሰው ሁሉ ከሙቀቱ ሸሽቶ ሲተኛ፣ ለቫንሳይ ሩዝና የቃሪያ ድቁስ ላደርስ ወደሚጠርብበት ዳስ ሄድኩ። ቫንሳይ የለም። ኢንፔንግ ግን ምንጣፍ ላይ በተደረደሩት ዣንጥላዎች መካከል ተንበርክኮ አገኘሁት። በጣቱ ጫፍ እያንዳንዱን ጠርዝ ይዳስሳል። ትልቁን ገልብጦ ከውስጥ፣ ማንም የማያይበትን ቦታ ይመረምራል።

«ምን ትፈልጋለህ ጋሼ?»

ሳይደነግጥ መለሰልኝ። «ስህተት።»

«አገኘህ?»

«ከውስጥ እንኳ አለስልሶታል» አለ። «ማን ያየዋል ብሎ ነው? እርግብ?» ትልቁን መልሶ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠው። «አንድ ስህተት ባገኝ ኖሮ ይቅር እለው ነበር እኮ። የምይዝበት ነገር ባገኝ እለቀው ነበር።»

ሩዙን አስቀመጥኩለትና አጠገቡ ተቀመጥኩ። የቫንሳይን ምሳ እሱ በላው። ተዉት፤ ቢያንስ በላ።

«ነገ እንዳትሸሽ» አልኩት።

«ውሸት እንድናገር ነው የምትፈልጊው? ምስሉ ፊት?»

ባዶውን የሩዝ ቅርጫት ይዤ ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት አልሸሸም። መንደሩ ግቢው ውስጥ ተሰብስቦ፣ አለቃው ብጫ ልብሳቸውን አጣፍተው ደረጃው ራስ ላይ ተቀምጠው፣ ቫንሳይ ሳህኑን ይዞ ወንድሙ እግር ሥር ተንበረከከ።

«ጋሼ፣ ከራስህ በላይ ልቆም ነውና ይቅር በለኝ።»

ኢንፔንግ ሳህኑን ተቀበለ።

«የያዝኩብህ የለም አልልም» አለ። «ይዤብሃለሁ። ሥራዬን ወሰድክ። እንቅልፌንም ወሰድክ። ሥራህ ያምራል፣ እሱም ያቃጥለኛል። ምስሉ ፊት ሌላ መናገር አልችልም። ውጣ።»

ሰው አጉረመረመ። አሮጊቶቹ ጣሪያው ዘንድሮ ይወድቃል አሉ። አለቃው ግን፣ «የምትወጣው አንተ ነህ፣ ቫንሳይ። ይህ ይበቃሃል?» ብለው ጠየቁት።

«ጋሼ የወገቤን ገመድ ከታች ከያዘልኝ ይበቃኛል።»

ኢንፔንግ ቀና ብሎ አየው። «የሚቀናብህን ሰው ገመድ ታስይዛለህ?»

«ሌላው ይዘነጋል፤ ዶሮ ሲያይ፣ ሴት ስታልፍ ይዘነጋል» አለ ቫንሳይ። «አንተ ግን ዓይንህን ከኔ ላይ አታነሳም።»

አንድ ሽማግሌ ሳል ያዘው፤ ሳቁን ሊደብቅ ነው። ኢንፔንግ ተነስቶ ሸሚዙን አወለቀ። ገመዱን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ እግሩን ከዓምዱ ሥር ተከለ።

ቫንሳይ ወጣ። እንደ ዶሮ ክንፍ ወደ መሬት የተዘረጋውን ጣሪያ በሆዱ እየተሳበ ጫፉ ላይ ደረሰ። አጫጭሮቹን ተከለ፤ መጨረሻ ትልቁን አቆመ። ውኃ ወስጄ ለኢንፔንግ አቀረብኩለት፤ አላየኝም። ፊቱ ወደ ላይ ተንጋሎ፣ ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ አይጠርገውም። ወርቁ ፀሐይ ሲያገኝ መንደሩ «ሳዱ፣ ሳዱ»፣ መልካም ሆነ፣ ብሎ እጁን አጋጠመ፤ እሱ ብቻ እጁ ገመድ ላይ ነበር።

ከላይ ሆኖ ዣንጥላው ያዘንብል አያዘንብል አይታይም። ቫንሳይ ጮኾ ጠየቀ፤ «ጋሼ፣ እንዴት ነው?»

ትንሽ አዘንብሎ ነበር። እንደኔ ያለ ሰው ልብ አይለውም፤ ሠራተኛ ግን ዕድሜ ልኩን ያየዋል። ኢንፔንግ የሚፈልገው ስህተት ይኸውና እላይ፣ ለሁልጊዜ ሊቀመጥለት። አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ አየሁት።

«ወደ ወንዙ አንድ ጣት» አለ በመጨረሻ።

ቫንሳይ ገፋው። «አሁንስ?»

«ግማሽ መልስ።»

«አሁን?»

ኢንፔንግ ረጅም ጊዜ አየው፣ አየው።

«ቀጥ ብሏል» አለ፣ ጥርሱ እንደተነቀለ ሰው።

ቫንሳይ መሬት እስኪነካ ድረስ ኢንፔንግ ገመዱን አላላላም።