ጠመኔ የሚይዝ ጓንት

እማዋይሽ ልጇ ሔዋን ማጂ መመደቧን ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ሔዋን ትምህርቷን ጨርሳ መምህርት ሆናለች። ማጂ ደግሞ ከሚዛን መንገዱ አስቸጋሪ፣ ብርዱም ለቆላ ልጅ የማይመች ደጋ ነው። ሬዲዮ ስለ መኪና መገልበጥ ባወራ ቁጥር እማዋይሽ ደረቷን ትይዛለች፤ ልጅቷ ግን ገና እዚሁ ሚዛን አብራት ናት፣ ጉዞዋ ነገ ጠዋት ነው።

ከሰዓት በኋላ የባሏ የአጎት ልጅ ይሄይስ ከሚሠራበት ትምህርት ቢሮ ደወለላት።

«እትዬ፣ እዚሁ አጠገባችሁ አማን አንድ የመምህር ቦታ ተገኝቷል። እሷ መቅረቱን እምቢ እንዳለች አውቃለሁ። እርስዎ ‹ታማለች› ይበሉኝ እንጂ እኔ አስቀራታለሁ። ግን ቢሮ ሳይዘጋ ይንገሩኝ።»

«ላስብበት» አለችው። የምታስበው አልነበራትም፤ ልቧ እሺ ብሎ ጨርሷል። ያስጨነቃት የሔዋን ፊት ብቻ ነው።

ወደ ውስጥ ስትገባ ሔዋን ሰሌን ላይ ተቀምጣ ጓንት ትሠራለች። አንዱ አልቋል፤ ሁለተኛው ገና ሹራብ መሥሪያው ሽቦ ላይ ነው። በቡናማው ክር መካከል ቢጫ ጥለት ወጥቶለታል፤ ጥለቱን የቀዳችው ከተቀመጠችበት ሰሌን ነው። ክሩን የሸጠችላት ጎረቤታቸው ሀጂራ ሱቋን ትታ ደፍ ላይ ተቀምጣለች።

«ጣት የሌለው ጓንት ምን ይረባል?» አለች እማዋይሽ። «ብርድ የሚጀምረው ከጣት አይደል?»

«ታዲያ ጠመኔውን በምን ልያዘው እማዬ? በክርኔ?»

ሀጂራ ሳቀች። «ወላሂ፣ እናትሽ ለእያንዳንዱ ጣትሽ ጃንጥላ ብትገዛልሽ ነው ደስ የሚላት።»

«አምጪ፣ ይሄን እኔ ልጨርስልሽ። አንቺ ልብስሽን እጠፊ» አለች እማዋይሽ። ሹራብ የተማረችው ድሮ ትምህርት ቤት በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ነው። ቡናማውን ስትሠራ ቢጫው ከኋላ ያልፋል፣ ቢጫውን ስትሠራ ቡናማው። ከኋላ የሚያልፈውን ክር በየጊዜው ጭምቅ አድርጋ ሳበችው፤ ነፋስ እንዳይገባ፣ እንዳይላላ፣ እንዳይተረተር።

«በይ እስቲ ሞክሪው» አለች በኩራት።

ሔዋን እጇን ከተተች። ጓንቱ ጣቶቿን አልፎ መዳፏ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ።

«ይሄማ ለብርሌ አንገት ነው!» አለች ሀጂራ።

«ተበላሸ! አለቀልሽ!» እማዋይሽ ሽቦውን ጣለችው። እግዜር አትሂድ ሲል ነው ብላ በልቧ አሰበች።

ሔዋን አልተቆጣችም። ያለቀውን ጓንት ገልብጣ ውስጡን አሳየቻት። እማዋይሽ የተዘበራረቀ ክር ጠብቃ ነበር። ቢጫዎቹ ክሮች ግን ላላ ብለው ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ ረዘም ባለበት ቦታ ደግሞ ቡናማው መሃሉን ያዝ አድርጎታል።

«ጥፍሬ እንዳይገባበት ነው» አለች ሔዋን። «ላላ ያደረግኩት ደግሞ እጄ በብርድ ሲያብጥ እንዳያንቀኝ። አውራ ጣቱ ጋ ድርብ ነው፤ ጠመኔ ሲፈትገው ቶሎ እንዳይሳሳ።»

«እጅ ያብጣል ያለሽ ማነው?»

«ማጂ ያስተማረች ልጅ ናት፤ ደውዬ ጠየቅኳት። ዝናብ ከጣለ መኪናው መንገድ ላይ እንደሚያድርም ነግራኛለች። ስንቅ ቋጥሬያለሁ።»

እማዋይሽ ጓንቱን ደጋግማ አገላበጠችው። ስንት ሌሊት ብቻዋን የተሸበረችበትን ነገር ሁሉ ይቺ ልጅ አስባበታለች። እናትየዋ አስባ ስታለቅስ ልጅየዋ አስባ ስትሠራ ነው የከረመችው። ውስጡም እንደ ውጪው ያምራል። ይህን እጅ ማን ሰጣት? እኔ አይደለሁም አለች በሆዷ።

«እኔ ልፍታልሽ?» አለች ሔዋን የጠበበውን እያሳየች።

«ተዪው፣ እኔው ልፍታው።»

እሷ ክሩን እየተረተረች፣ ሔዋን እየጠቀለለችው ሳለ የእናትየዋ ስልክ ጮኸ።

«እትዬ፣ ልንዘጋ ነው። ምን ልበል?» አለ ይሄይስ።

እማዋይሽ ልጇን አየች። ሔዋን ከክሩ ቀና አላለችም።

«አልታመመችም» አለች።

«አቤት?»

«ልጄ ጤነኛ ናት፤ ማጂ ትሄዳለች እያልኩህ ነው። ይልቅ የነገውን መኪና ሾፌር አጣራልኝ። ይጠጣል እንዴ? ጎማውስ?»

ሀጂራ ሳቋ አፈናት።

«ጎማውን ትናንት ሄጄ አይቼዋለሁ እማዬ» አለች ሔዋን። «አዲስ ነው።»