የማሰሮው ጎዶሎ

አባቷ ጠረጴዛው ሥር ገብተዋል። ከውጭ የሚታየው ተረከዙ የተበላ ጥቁር ጫማቸውና የሱፍ ሱሪያቸው ብቻ ነው።

"አባዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"ቁራጭ ወድቋል። አንቺ ድሮም ዕቃ አያያዝ አታውቂም።"

አልወደቀም ልትላቸው አፏን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው።

ጠረጴዛው የእሷ ነው። ሙዚየሙ ውስጥ አስጎብኚ ሆና ከተቀጠረች ወዲህ ደፍራ ያቀረበችው የመጀመሪያ ሐሳብ። የሚቀጥለው ክፍል ውስጥ፣ መስታወት ሥር ያለውን፣ ሥዕል የተቀረጸበት ጥንታዊ ማሰሮ የሚመስል ሌላ ማሰሮ ሠርታ፣ ሰባብራ፣ ስብርባሪው ላይ ማግኔት ለጥፋለች። ጎብኚው እየገጣጠመ ማሰሮውን ያቆመዋል። ሲጨርስ ግን የማሰሮው ሆድ ላይ መዳፍ የምታህል ቀዳዳ ትቀራለች። ያቺ ቁራጭ ከዋናውም ላይ የለችም፤ ማሰሮው ከመሬት ተቆፍሮ ሲወጣ አልተገኘችም። ጎብኚው ይህን ሊያጣራ ወደ መስታወቱ ይሄዳል ብላ ነበር ያሰበችው።

ከጠዋት ጀምሮ ግን አንድም ሰው አልሄደም። ልጆች ተጫወቱ፣ እናቶች ፎቶ አነሱ፣ "ጎዶሎ ነው እኮ" ብለው አማረሩና ወጡ። የክፍሉ ኃላፊ ደግሞ አስቀድሞ ቁርጡን ነግሯታል፤ "ሰው እዚህ ተጫውቶ ዋናውን ቅርስ ሳያይ ከሄደ፣ ጠረጴዛሽ ዛሬውኑ መጋዘን ይገባል። ሙዚየም መዋዕለ ሕፃናት አይደለም።" ቅሬታው እንዲቀር የጎደለችውን ቁራጭ በግምት እንድትሠራም አዟት ነበር። ሠርታታለች። ገና በእሳት ያልተተኮሰችው የጭቃ ቁራጭ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ናት።

አባቷ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። የመጡት እናቷ "የልጅህን ሥራ አንድ ቀን እንኳ እይላት" ብላ ስለነዘነዘቻቸው ነው። በእነሱ ቤት ጨዋታ የሚፈቀደው የቤት ሥራ ሲያልቅ ነበር፤ የቤት ሥራ ደግሞ አያልቅም ነበር።

"አባባ፣ ይውጡ። እዛ የለም፣ እኔ አይቻለሁ" አለች አብራቸው ስትገጣጥም የነበረች፣ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ ትንሽ ልጅ።

አባቷ ጉልበታቸውን እያራገፉ ወጡ። "እሺ፣ እንግዲያው እናስብ። እዚህ ጋ የላም ቀንድ አለ። እዚህ ጋ ደግሞ ገመድ የያዘ እጅ። መሃሉ ላይ ምን ነበር?"

"ጥጃ።"

"ጥጃ ቢሆን እግሩ ከታች ይታይ ነበር።"

"ተኝቶ ከሆነስ?"

አባቷ ጎንበስ ብለው ቀዳዳዋን በጣታቸው ለኩ። ከልጅ ጋር እንዲህ ሲጫወቱ አይታቸው አታውቅም። እጇ ወደ ኪሷ ገባ። ቁራጯን ብትሰጣቸው ይገላገላሉ፤ ምናልባትም "ጎበዝ" ይሏታል። ግን ባዶ እጇን አወጣች።

"ዋናው የት ነው ያለው?" አሉ አባቷ።

"እዚሁ ቀጥሎ ነው።"

ልጅቷ ኮታቸውን እየጎተተች ወሰደቻቸው። እሷም ተከተለቻቸው። ሁለቱም መስታወቱ ላይ ተለጥፈው በትንፋሻቸው አደበዘዙት።

"ይሄም ጎዶሎ ነው" አለች ልጅቷ።

አባቷ ወደ ልጃቸው ዞር አሉ። "ማንም አያውቅም ማለት ነው?"

"ማንም።"

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መልስ የሌለው ጥያቄ አውጥቼ አላውቅም። አንቺ ይሄን ከየት አመጣሽው?"

በዚህ መሃል ኃላፊው ገባ። አባቷ ጎብኚ መስሏቸው በእጃቸው ጠሩት። "ወጣቱ፣ ናማ እስቲ። እዚህ ቀዳዳ ላይ ምን ነበር ትላለህ?"

ኃላፊው በየቀኑ በዚያ ማሰሮ አጠገብ ያልፋል። አሁን ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ።

"ውሻ" አለ በመጨረሻ።

"ውሻማ ጆሮ አለው" አለች ልጅቷ።

"ጆሮው የተንጠለጠለ ውሻ ቢሆንስ?"

"ቦታ አይበቃውም" አሉ አባቷ። "ጨዋታውን የሠራችው ይቺ የኔ ልጅ ናት። ግን አትልፋ፣ እሷም አትነግርህም።"

ፈገግታዋን እንዳያዩባት አቀረቀረች። የልጅቷ እናትና ሌሎች ጎብኚዎችም ክርክሩን ሰምተው ወደ መስታወቱ ተጠጉ።

ኃላፊው ክራቫቱን አስተካክሎ ወደ እሷ መጣ። "ጠረጴዛው ይቆይ" አላት ቀስ ብሎ። "ያቺን ቁራጭስ ሠራሻት?"

"ሠርቻታለሁ።"

"በይ ተኩሰሽ ግጠሚያት። ሰው ቅር ብሎት እንዳይሄድ።"

ኃላፊዋን እምቢ ብላ አታውቅም። ኪሷን በመዳፏ ሸፈነች።

"አይ፣ ቅር ይበላቸው።"

ኃላፊው እሷን አየ፤ ከዚያ ማሰሮውን አየ። "ውሻ ነው ግን" ብሎ ሄደ።

እሷ ወደ ጓዳው ገብታ ጭቃ የሚነከርበት ባልዲ ላይ ጎንበስ አለች። ከወዲያ አባቷ "እሺ ተኝቷል እንበል፤ ጭራውስ የት ሄደ?" ሲሉ ይሰማታል። ቁራጯን ከኪሷ አወጣቻት። የተኛ ጥጃ ነበር የቀረጸችባት። ውኃው ውስጥ ለቀቀቻትና ጆሮው እስኪሟሟ ቆማ አየች።