የሽምግልናው ቀን ሻርፕ

ልጄ ሄርሜላ ሻርፕ ሥሪ ያለችኝ በስልክ ነው። ለዚያውም በጥር መጨረሻ፣ መቱ ላይ ፀሐዩ ቆርቆሮውን በሚያንጣጣበት ጊዜ። ጅማ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት፤ ቢሮው ቢበርዳት ነው ብዬ ደስ እያለኝ ምን ዓይነት ቀለም ትፈልጊያለሽ አልኳት። ለራስሽ ነው እማዬ አለችኝ።

ገባኝ። አንገቴ ላይ እንቅርት አለ። ትንሽ ነው ብዬ አልዋሽም፤ የጎረምሳ ቡጢ ያህላል። በእኛ ሰፈር እንዲህ ያለን ሴቶች አራት ነን፤ ገበያ ስንገናኝ ስለ በርበሬ መወደድ ነው የምናወራው፣ አንገታችንን ማን አስታውሶት። አንድ ጊዜ ሐኪም አይቶት አዲስ አበባ ሄደሽ ይውጣልሽ ብሎኝ ነበር። በዚያው ዓመት ባሌ ሞተ፣ እኔም ሳልሄድ ቀረሁ። አያመኝም። አፍሬበትም አላውቅም። መስታወት ፊት ስቆም የሚያናድደኝ ሽበቴ ነው።

ሄርሜላ ግን ታፍርበታለች። አብረን ፎቶ ከተነሳን አገጬ ላይ ቆርጣ ነው የምታስቀረው። እጮኛዋ ማርቆስ የሚያውቀኝ ከአገጭ በላይ ብቻ ነው። አሁን የማርቆስ ቤተሰቦች ከበደሌ ሦስት ሽማግሌዎች ሊልኩ ነው። ሽማግሌ ደግሞ ልጅቷን ጠይቆ ዝም ብሎ አይመለስም፤ ቤቱን ያያል፣ እናቲቱን ያያል፣ ዘር ያጣራል። እንቅርት በዘር ይወርዳል የሚሉ ሰዎች አሉ። ነገ የልጅ ልጆቻችን እንዲህ ሊሆኑብን ነው ቢሉስ አለችኝ። ከዚህ በፊት አንድ ጋብቻ ተወርቶ ቀርቶባታል። በምን እንደቀረ ማንም አልነገረንም፤ እሷ ግን በአንገቴ ነው ብላ ደምድማለች። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ምን ልበላት? እሺ አልኩ።

ነጠላዬን ባጣፋውስ ብዬ ነበር። ጎንበስ ስትዪ ይንሸራተታል አለችኝ። የሱቁ ሻርፕ ደግሞ ስስ ነው፣ እብጠቱን ያሳብቃል። ወፍራም፣ ሳይያዝ የሚቆም፣ በእጅ የተሠራ መሆን አለበት። ሁሉን አስባ ጨርሳ ነው የደወለችው።

ክሩን ከኡሙልኸይር ሱቅ ገዛሁ። ኡሙልኸይር ከባሏ ጋር ከስልጤ መጥታ ሱቋን ስትከፍት እኔም አዲስ ሙሽራ ነበርኩ፤ አብረን አርጅተናል። አራት ጥቅል ቡናማ የሹራብ ክር ስላት በዚህ ሙቀት ለማን ነው አለች። ለራሴ አልኳት። አንገቴን አየት አደረገች፣ ክሩን በፌስታል አድርጋ ሰጠችኝ፣ ሌላ ነገር አልጠየቀችም። እግዜር ይስጣት።

የሹራብ መርፌዎቼ ከብስክሌት ጎማ የተነቀሉ ሁለት ሽቦዎች ናቸው፤ ተማሪ ሳለሁ ጫፋቸውን ድንጋይ ላይ ያሾልኳቸው። ያኔ በሳምንት አንድ ሹራብ አወጣ ነበር። አሁን ጣቶቼ እምቢ ይላሉ፤ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሬ ነው የምጀምረው። ምሳ ከበላሁ በኋላ በረንዳው ላይ እቀመጥና ጥቂት መስመር ሠርቼ እደክማለሁ። አንገቴ ላይ አድርጌ ስለካው አይበቃም። ለሌላ ሰው ሁለት ዙር የሚዞረው ለእኔ አንድ ተኩል ነው። እተረትረዋለሁ፣ እንደገና እጀምራለሁ። ሦስት ጊዜ ተረተርኩት። ስንት ሹራብ፣ ስንት ካልሲ፣ ስንት ቆብ ለሄርሜላ ሠርቼ አንድ ቀን ደከመኝ ብዬ አላውቅም። ይኼኛው ግን አደከመኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ከእጄ ይልቅ ሆዴ ነው የደከመው። ሰው የገዛ እናቱን ሸፍኑልኝ ሲል መስማት ያደክማል፤ ሸፋኟ ራሷ እናቲቱ ስትሆን ደግሞ የባሰ ነው።

ሽማግሌዎቹ በሚመጡበት ሳምንት ሄርሜላ ዓርብ ዕለት ከጅማ ገባች። ሻርፑን ጠቀለለችልኝ፣ ራቅ ብላ አየችኝ፣ ደስ አላት። ጉንጬን ሳመችኝ። አልደብቅም፣ እኔም ደስ አለኝ።

ከዚያ ነው ያጠፋችውን የነገረችኝ። በየካቲት ፀሐይ ወፍራም ሻርፕ ያደረገች ሴት ታስገርማለች ብላ፣ አስቀድማ ለማርቆስ እናቴን ብርድ መቷታል፣ ጉሮሮዋን ክፉኛ ታማለች ብላዋለች። ልጄ የተማረች ናት፤ ይኼ እንዴት እንደጠፋት ግን አላውቅም። ሽማግሌ ሲላክ ሴት አትመጣም። የልጁ እናት ቤቷ ተቀምጣ ወሬ ትጠብቃለች። አማች ልትሆን ያለች ሴት ታመመች ከተባለ ግን፣ ሳይጠይቁ መቅረት ነውር ነው። ይህን ስነግራት አይ፣ በደሌ ሩቅ ነው አለችኝ።

እሑድ ረፋድ ላይ ሚኒባሱ በራችን ላይ ቆመ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ወረዱ። ከኋላቸው አንዲት ደልደል ያለች ሴት አንድ ጠርሙስ ማር ታቅፋ ወረደች። የማርቆስ እናት ዘርፈሽ ነበረች።

የሟቹ ባሌ ወንድም ጋሼ ደበሳ እንግዶቹን ሳሎን አስቀመጣቸው። በመስኮት አይታ ደንግጣ ለነበረችው ሄርሜላም እግረ መንገዱን «ረኮ ሂንቀቡ» አላት፣ ችግር የለም ማለቱ ነው። ዘርፈሽ ግን አልቀመጥም፣ ታማሚዋን ሳላይ ውሃም አልጠጣ ብላ ቀጥታ ወደ መኝታ ቤቱ መጣች። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። ግንባሬን ዳሰሰችና ትኩሳት እንዳለብኝ ነገረችኝ። የሻርፑ ሙቀት ነው እንዴት እላለሁ?

ከቦርሳዋ ቪክስ አወጣች። ልሽዎት አለች። ጠዋት ተቀብቻለሁ ብዬ ለመንኳት። ሰው ራሱን በደንብ አያሽም አለችና፣ ሳቅ እያለች፣ ሻርፑን በገዛ እጇ ፈታችው። ሄርሜላ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አንድ ተኩል ዙር ምን ያህል ይፈጃል? ለእኔ ግን ሳምንት መሰለኝ።

ቪክስ የነካ ጣቷ እንደተዘረጋ ቀረ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ይኼ?» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ሄርሜላን ካረገዝኩ ጀምሮ።»

ይህን ለሄርሜላ ነግሬያት አላውቅም። ምን ብዬ ልንገራት? በስድስተኛው ወር ትንሽ ነገር ብቅ አለ። ስትወልጂ ይጠፋል አሉኝ። ወለድኩ፣ አልጠፋም። ልጅ በመምጣቷ ዕዳ አለብሽ ተብላ አታድግም። ቀና ብዬ ሳያት በሩን በሁለት እጇ ይዛዋለች።

ዘርፈሽ አጠገቤ ተቀመጠች። በደሌ ላይ እንቅርት የሌለ መስሎኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ የገዛ እኅቷ አላት፣ አምስት ልጅ ወልዳ ከብራ ነው የምትኖረው። ከዚያ ዓይኔን እያየች፣

«እትዬ ሙላቷ፣ ማነው ሸፍኚው ያለዎት?» አለች።

መልሱ በሩ ላይ ቆሟል። ብናገረው ይህች ሴት ዛሬውኑ ልቧ ይቀዘቅዛል። በእናቷ ያፈረች ልጅ ነገ በእኔ አታፍርም ብላ የምታምን የባል እናት የት ትገኛለች? ቢሆንም ቶሎ አልመለስኩም። ልጄ አንድ ቃል ትተነፍስ እንደሆነ ጠበቅኳት። አፏን ከፈት አደረገች። ዘርፈሽ ዘወር ብላ አየቻት። ሄርሜላ ውሃ ላምጣ አለችና ወጣች።

«ማንም አላለኝ» አልኩ። «ራሴ አፍሬ ነው።»

ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አፍሬበት አላውቅም። ያን ቀን ለልጄ ብዬ ዋሸሁ። ካልኩት በኋላ ግን ፊቴ ሲግል ተሰማኝ፣ እውነት ያፈርኩ መሰለኝ።

ዘርፈሽ አዘነችልኝ። ካፈሩስ አላስገድድዎትም አለችና ሻርፑን አንስታ መልሳ ጠቀለለችልኝ። እንዳያንቀኝ ጣቷን በውስጥ እያስገባች፣ ቀስ ብላ ነው የጠቀለለችው። እጄን ይዛም ወደ ሳሎን አወጣችኝ።

ሽማግሌዎቹ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ጋሼ ደበሳ የልጅቷ እናት መሆኔን ነገራቸው። ሦስቱም ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ባንድነት፣ እግዚአብሔር ይማርዎት አሉኝ።

«አሜን» አልኩ። ከጓዳው በር ሄርሜላ ውሃውን እንደያዘች፣ ከእኔ ጮክ ባለ ድምፅ፣ «አሜን» አለች።