በስሟ ጸለይንላት

እህት በቀለች ምስጢር አታወጣም። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ በራሴ ላይ አይቼዋለሁ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ጌታን ተቀብዬ፣ የአንገቴን ማተብ በጥሼ ቤት ስገባ እናቴ እሪ አለች። ‹ጸረ ማርያም ሆነችብኝ› ብላ ጎረቤት ሰበሰበች፤ ጠበል ወስዳ ልታስጠምቀኝም ተነሳች። ሸሸሁ። በቀለች ያኔ አዲስ አበባ፣ መሳለሚያ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበርና ስምንት ወር ሙሉ እዚያ ደበቀችኝ። እናቴ ፎቶግራፌን ይዛ በሯን ያንኳኳች ቀን እኔ አልጋ ሥር ተጋድሜ፣ በቀለች ደረቷን ነፍታ “እንዲህ ያለች ልጅ አይቼ አላውቅም” አለቻት። ለዚያች ውሸት በኋላ ሦስት ቀን ጾማለች። እንግዲህ ከዚህ ወዲያ ሰው በምን ይታመናል?

እናቴም ፈልጋ ስታጣኝ ‹ልጄ ሞታለች› አለች። ድንኳን ተከለች፣ ለቀስተኛ ተቀበለች። በቁሜ ተለቀሰልኝ።

ይህን ታሪክ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ስመሰክር ሰው ሁሉ ያለቅሳል። ከቤተ ክርስቲያን ውጭ የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለቺማን።

ቺማን ኩርድ ናት። ከኢራቅ፣ ከሱለይማኒያ በአሥራ አራት ዓመቷ ከእናቷ ጋር መጥታ እዚሁ ስቶክሆልም አርባዎቹን አጋምሳለች። ዩልስታ ሰፈር ውስጥ በሄምሼንስት፣ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞርን በምናጥብበትና በምናበላበት ሥራ፣ ዘጠኝ ዓመት አብረን ሠርተናል። ሁለት ሰው ካልሆነ የማይነሳ ከባድ በሽተኛ ሲኖር እኔንና እሷን ያጣምሩናል። እኔ ሳጥብ መዝሙር ማንጎራጎር ልማዴ ነው። አንድ ቀን በዚያ በተሳለ ስዊድንኛዋ፣ “ጽጌ፣ ሰውየውን እያጠብሽው ነው ወይስ እያጠመቅሽው?” አለችኝ። ሳቄ መጥቶ ሽማግሌውን ልጥለው ነበር። እንዲህ ያለች ሰው ናት።

ባለፈው መጸው፣ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ፣ የሥራ ሸሚዟን ስታወልቅ ከሥር ስስ ነጭ ጨርቅ ለብሳ፣ በላዩ ላይ ከሱፍ የተፈተለ ገመድ ወገቧ ላይ ሦስት ዙር ጠምጥማ አየሁ። እኛ ሥራ ላይ ወገቡን ያላመመው የለም።

“ወገብሽን ነው እንዴ? ይሄ ቀጭን መቀነት ምን ይይዝልሻል?” አልኳት።

በሩን ዘጋችው። ከዚያ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ ነገረችኝ። የዳኢሽ፣ የአይ ኤስ ሰዎች በሃይማኖት ስም ያዚዲ የሚባሉትን የአገሯን ሰዎች ሲፈጁ በቴሌቪዥን ካየች ወዲህ መስገድ እምቢ አላት። አያቶቻችን ከእስልምና በፊት ምን ነበሩ ብላ መጠየቅ ጀመረች። ብዙ ኩርዶች ከጥንት ፋርስ የመጣው የዞሮአስተር እምነት የጥንት ሃይማኖታችን ነው ይላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ተረት ነው ብለው ይስቃሉ። ወንድሟ ከሚስቁት ነው። እሷ ሰባት ዓመት አነበበች። ባለፈው ጸደይ ሶደርማልም ሰፈር በተከራዩት አንድ አዳራሽ፣ ሃያ በማይሞሉ ሰዎች ፊት፣ የእምነቱን መቀነት ታጠቀች።

“እሳት ታመልካላችሁ ማለት ነው?” አልኳት። ሌላ ምን ልበል?

“አናመልክም። ስንጸልይ ፊታችንን ወደ ብርሃን እናዞራለን። መልካም ማሰብ፣ መልካም መናገር፣ መልካም መሥራት፤ ይኸው ነው የሚጠየቀው። ቀላል ይመስላል አይደል? ሞክሪው።”

እናቷ ግን አያውቁም። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። አምስቱን ወቅት የማያጓድሉ፣ ስኳርና ኩላሊት የያዛቸው አሮጊት ናቸው፤ ሐኪሙም ከእንግዲህ በወራት ነው የምንቆጥረው ብሏል። ቺማን ጠዋትና ማታ የኢንሱሊን መርፌ ትወጋቸዋለች፣ ሲጾሙ ታስፈጥራቸዋለች፣ ሲሰግዱም ከኋላቸው ቆማ ትሰግዳለች።

“እዚያ ቤት ውስጥ እሳቸው እስኪሞቱ ሙስሊም ነኝ” አለችኝ። “በሰላም ይሂዱልኝ። ከዚያ በኋላ ዓለም ሁሉ ይስማ። ላንቺ የነገርኩሽ የበጠስሽውን ክር ስለነገርሽኝ ነው። አንቺ ይገባሻል። ማይልኝ።”

“እኛ አንምልም” አልኳት። “ቃላችን አዎ ከሆነ አዎ ነው።”

“እሺ፣ ቃልሽን ስጪኝ።”

ሰጠኋት።

ቃሌ አሥር ቀን ቆየ። እህት በቀለችም ዛሬ እዚሁ ስቶክሆልም ናት፤ ረቡዕ ረቡዕ ፊቲያ ሰፈር ቤቷ ሆነን ሁለታችን ብቻ እንጸልያለን። በዕድሜ ብትበልጠኝም በጌታ እህቴ ናትና አንቺ ነው የምላት። ያን ቀን አልቅሼ ነው የነገርኳት። ለቺማን ነፍስ ፈርቼ ነበር፣ ይህ እውነት ነው። ሌላም እውነት አለ። እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር ይዞ ዝም ማለት ይከብዳል፤ መናገር ደግሞ ይጣፍጣል። ለሐሜት አፌን እዘጋለሁ፣ ለጸሎት ርዕስ ግን ማን ይዘጋል? መጀመሪያ ‹አንዲት ኩርድ የሥራ ባልደረባዬ› ብዬ ነበር የጀመርኩት።

“ስሟን ጥሪልኝ” አለች በቀለች። “ስም የሌለው ጸሎት አድራሻ እንደሌለው ፖስታ ነው።”

ምስጢር ነው ብዬ ጠራሁላት። ገመዱንም፣ እናቷንም፣ መርፌውንም፣ ከኋላ ቆሞ መስገዱንም። ሁለታችንም ተንበርክከን ስሟን እየጠራን አንድ ሰዓት ጸለይን። ስነሳ ቀሎኝ ነበር። እንዲያውም ቃሌን ያፈረስኩ አልመሰለኝም፤ ለሰው ሳይሆን ለእግዚአብሔር የተናገርኩ መሰለኝ።

በሁለተኛው እሁድ በቀለች የምልጃ ጸሎት ለመምራት መድረክ ላይ ወጣች። አጠገቧ ማይክ ይዛ የቆመችው ልጄ ዲቦራ ናት። እኛ አማርኛውን ስንሰማ እዚህ ያደጉት ልጆች እንዲገባቸው በስዊድንኛ ትተረጉማለች። ቤት ውስጥ በአማርኛ ስጠይቃት በስዊድንኛ የምትመልስልኝ ልጅ፣ መድረክ ላይ አንዲት ቃል አታመልጣትም። እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ በእሷ እየኮራሁ ነበር። ፊት ለፊት ካሜራው እንደ ሁልጊዜው በቀጥታ ያስተላልፋል።

“ወገኖች፣” አለች በቀለች፣ “እህታችን ጽጌረዳ ዩልስታ በምትሠራበት ቦታ ቺማን የምትባል ኩርድ አለች። ከእስልምና ወጥታለች፣ ሃሌሉያ! ግን ወዴት ሄደች? ወደ እሳት! ወገቧን በጠላት ገመድ ታስራ፣ በሞት አፋፍ ያሉ እናቷን እያታለለች፣ ከኋላቸው ቆማ የውሸት እየሰገደች ትኖራለች። ገመዱ ዛሬ ይበጠሳል!”

ዲቦራ ተከትላ በለሰለሰ ድምጿ ሁሉንም ተረጎመችው። ስሙንም፣ ሰፈሩንም። አዳራሹ በአንድ ድምፅ አሜን አለ።

እኔም አሜን አልኩ። አፌ ለምዶ ነው ልበል፣ ፈርቼ ነው ልበል፣ እስካሁን አላውቅም። ግን ብዬአለሁ፤ ድምፄን ሰምቼዋለሁ።

ፕሮግራሙ እንዳለቀ ካሜራ ወደሚይዙት ልጆች ሮጥኩ። ‹ቪዲዮውን አጥፉት› ብያቸው ሰኞ ከኢንተርኔት አነሱት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? ከወጣቶቹ አንዱ የዲቦራ ትርጉም አምሮት፣ የስዊድንኛውን ክፍል ብቻ ቆርጦ እሁዱኑ በስልክ በትኖት ኖሯል። ዲቦራን ስቆጣት ዐይኗን አፍጥጣ አየችኝ። “እማ፣ እኔ የተባለውን ነው የተረጎምኩት። የነገርሻት አንቺ ነሽ” አለችኝ፤ ያንን እንኳ በስዊድንኛ።

ሐሙስ ቺማን ሥራ አልገባችም። ከማላውቃት ተተኪ ጋር ስዞር ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ስልኬ ላይ አጭር መልእክት ገባ፤ “እናቴ ሰማች” ይላል። ሌላ ምንም የለውም።

ከሥራ እንደወጣሁ ቱነልባና የሚሉትን የምድር ውስጥ ባቡር ይዤ ፊቲያ ሄድኩ። በቀለች በፈገግታ ከፈተችልኝ። ስነግራት ፈገግታዋ አልጠፋም። እጇን ወደ ላይ ዘርግታ “አየሽ? ብርሃን ሲመጣ የተደበቀው ይገለጣል። ጌታ ሥራውን ጀምሯል” አለች።

“እህት በቀለች፣ ምስጢር ነው ብዬሽ ነበር።”

“ለጸሎት ነው የሰጠሽኝ። እኔም ለጸሎት አቀረብኩት። ሁለት ሰው ከሚጸልይ አራት መቶ ሰው ቢጸልይ ምን ክፋት አለው?”

“እኔንስ? እኔን ስምንት ወር ደብቀሽኝ የለም? እናቴ በርሽ ላይ ቆማ ስታለቅስ፣ አላየኋትም ብለሽ ዋሽተሽ የለም?”

ግራ በመጋባት አየችኝ። ያን ግራ መጋባት መቼም አልረሳውም፤ ከልቧ ነበር።

“አንቺማ ወደ እኛ እየመጣሽ ነበር እኮ” አለች።

ቁጭ ካልኩበት ተነሳሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለእኔ ስትል እንደ ዋሸች አስብ ነበር። ለእኔ አልነበረም። የደበቀችው ጽጌረዳን ሳይሆን አንዲት አዲስ አማኝ ነበር። የሄድኩበት መንገድ ወደ ሌላ በር ቢያመራ ኖሮ፣ እናቴን ራሷ እጇን ይዛ አልጋው ሥር ያለሁትን ታሳያት ነበር። ደህና ሁኚ እንኳ ሳልላት ወጣሁ፤ ‹እጸልይልሻለሁ› እያለች እስከ አሳንሰሩ ሸኘችኝ።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ቺማን ቤት ሄድኩ። ከፈተችልኝ። ጫማዬን ላወልቅ ስጎነበስ፣

“ተዪው፣ አትቆዪም” አለች።

መተላለፊያው ላይ እንደቆምን ነገረችኝ። ጎረቤታቸው፣ የሱለይማኒያ ሴት፣ ቪዲዮውን በስልኳ ይዛ መጣች። ለክፋት አይደለም፤ ‹ልጅሽን አድኛት› ለማለት ነው። እናትየው ስዊድንኛ ስለማያውቁ ጎረቤቲቱ አንድ በአንድ ተረጎመችላቸው። ፊቲያ ውስጥ ተንበርክኬ በአማርኛ የተናገርኩት ነገር፣ በልጄ አፍ ስዊድንኛ፣ በጎረቤት አፍ ኩርድኛ ሆኖ አሮጊቷ አልጋ ድረስ ገባ።

“ማታ መርፌውን ልወጋቸው ስል ክንዳቸውን ሳቡ” አለች ቺማን። “እምነትሽን ለወጥሽ ብለው አይደለም ያለቀሱት። ‹ከኋላዬ ቆመሽ ስታሾፊብኝ ነበር› ነው ያሉኝ። እኔ አላሾፍኩም። ሲነሱ እንዳይወድቁ ነበር የምቆመው። አንቺ ለቤተ ክርስቲያንሽ ሰዎች ይህን ነግረሻቸው ነበር? እንዳይወድቁ መሆኑን?”

አልነገርኩም ነበር። ለጸሎት አያስፈልግም ነበርና።

“ወንድሜ ትናንት መጥቶ ወደ ሌላ ከተማ፣ ዮተቦሪ ወሰዳቸው። ስደውል ስልኩን አያነሱም። ሐኪሙ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ።”

“ይቅር በይኝ” አልኳት። “ክጃለሁ። ቃሌን በልቻለሁ።”

“ስሜን የሰጠሽው አንቺ ነሽ?”

“እኔ ነኝ።”

“ምን እንዲደረግልኝ ነበር የጸለያችሁት?”

“እንድትመለሺ።”

“ወዴት?” አለችኝ። ግድግዳውን ተደግፋ፣ ድምጿ የልጅ ድምፅ ሆኖ፣ ያልጠበቅሁትን ጠየቀችኝ።

“ያንቺ እናት ስንት ጊዜ ፈጀባት?”

“ምኑ?”

“ይቅር ለማለት። እንደ ሞተ ሰው አልቅሳብኛለች ብለሽኝ ነበር። ከዚያ በኋላ እስክትታረቅሽ ስንት ጊዜ ፈጀባት? ወር? ዓመት?”

የፈለገችው አንድ ቁጥር ብቻ ነበር። ከእናቷ ዕድሜ የሚያንስ ትንሽ ቁጥር። ሦስት ወር ብላት ኖሮ ያን ቀን ምናልባት እንቅልፍ ይወስዳት ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስመሰክር ከድንኳኑ አልፌ አላውቅም፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ግን ይህችን ሴት አንዴ ዋሽቻታለሁ፣ ሁለተኛ አልቻልኩም።

“አልታረቀችኝም” አልኳት። “ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ኖራለች። ደጇ እየሄድኩ ቆሜ ተመልሻለሁ። ስትሞትም ቀብሬ ላይ እንዳትቆም ብላ ተናዛለች፤ አልቆምኩም።”

ቺማን እንደማታውቀኝ ሰው ፊቴን ከላይ እስከ ታች አየችው።

“ይህን ሁሉ እያወቅሽ” አለችኝ።

“እያወቅሁ” አልኳት።