እስከዳርን የሚያውቅ ሰው

እስከዳር ፖሊስ ውስጥ ለወንጀል መረጃ ተንታኝነት ተወዳድራ ፈተናውንም ቃለ መጠይቁንም አልፋለች። የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መርማሪ መጥቶ ስለ ጠባይዋ ጎረቤቶቿን ይጠይቃል። «ይኼማ ቀላል ነው» ብላ እፎይ አለች። ባሕር ማዶ፣ ሐበሻ በሚበዛበት ኦቴሎ ሰፈር ዘጠኝ ዓመት ኖራ የማያውቃት ባለሱቅ አለ እንዴ?

ማክሰኞ ጠዋት መርማሪው ሌዊ ደወለ። ቢቆጣ ይሻላት ነበር፤ ድምፁ ግን የአዘኔታ ነበር። ስድስት ሰዎች ፎቶዋን አይተው፣ ስድስቱም አናውቃትም ብለውታል። እስከ ዓርብ የሚመሰክርላት አንድ ሰው ካልተገኘ ፋይሉ ይዘጋል።

ሰው በቁሙ እንዲህ ይካዳል? ጃኬቷን ደርባ በካፊያው ወደ እትዬ ሽቱ ሱቅ ገሰገሰች።

እትዬ ሽቱ ገና ከበር ሲያዩዋት ባንኮኒውን ጥለው መጡና ክንዷን ይዘው ወደ ጥግ ጎተቷት።

«አይዞሽ የኔ ልጅ» አሉ በሹክሹክታ። «አንድ ክራቫት ያሰረ ፈረንጅ ፎቶሽን ይዞ መጥቶ ነበር። አይቻት አላውቅም አልኩት። ለጎረቤት ባለሱቆቹ ለነአንሳርም፣ ለፀጉር ቤቷም ኮል አድርጌ ነገርኳቸው። አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም!»

ፊታቸው በኩራት በርቷል። እስከዳር ልትስቅ ስትል እንባዋ ቀደማት። መንግሥት ስለ ሰው ሲጠይቅ አላውቅም ማለት እዚህ ሰፈር ከውለታ ሁሉ ይበልጣል፤ ማን ይቀየማቸዋል? ጥፋቱ የራሷ ነው። ሥራው ከጠያቂዎቹ ወገን ስለሆነ ይሸሹኛል ብላ ፈርታ ለማንም አልተነፈሰችም። አሁን ፈራ ተባ እያለች ሁሉንም ነገረቻቸው።

እትዬ ሽቱ ክንዷን ለቀቁ።

«ሶ፣ አንቺም እንደሰውየው ልትጠይቂ ነው?»

«ሌባና ነፍሰ ገዳይ ነው የምንፈልገው፣ እትዬ። ይመኑኝ።»

ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «ኦኬ። ደውይለት።»

ሌዊ አስተርጓሚ መስመሩ ላይ አስገባ። እስከዳር ስልኩን ሰጥታ ፈንጠር ብላ ቆመች፤ የአስተርጓሚው ድምፅ ግን ይሰማታል። ምን ዓይነት ሰው ናት? ጓደኞቿ እነማን ናቸው? ከሥራ ውጪ ምን ታደርጋለች?

«ጨዋ ናት» አሉ እትዬ ሽቱ። «ሽሮ ስትገዛ ዋጋ አትከራከርም።»

«ሌላስ?»

ስልኩን በመዳፋቸው ሸፈን አድርገው ወደ እሷ ዞሩ። «ልጄ፣ ምን ልጨምርለት?»

እስከዳር ቤቷን የረገጠ ሰው ለማስታወስ ሞከረች። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም አጣች። ብቸኝነቷን ታውቀው ነበር፤ ለምስክርነት ሰው እስኪፈለግ ድረስ ግን ይኼን ያህል መሆኑን አላወቀችም።

«የሚያውቁትን ብቻ ይንገሩት» አለች።

እትዬ ሽቱ መዳፋቸውን ከስልኩ አነሱ።

«በቃ» አሉት፣ «የማውቀው ይኼንኑ ነው።»