«ሌላ» የተባሉት ሦስት ድንጋዮች

ጉልቻዎቹ አለመኖራቸውን መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነበር። ተቀጥሬ የምጠርገውን የደሴታችንን ጥንታዊ ምሽግ፣ የኡንዛ ጉሱኩን በር ከፍቼ፣ አውሎ ነፋሱ ያረገፈውን ቅጠል ልጠርግ ወደ ላይኛው ግቢ ወጣሁ። በገደሉ በኩል ካለው የግንቡ ጥግ ሦስቱ ድንጋዮች የሉም። ቦታው ተጠርጎ፣ በነጭ ገመድ ታጥሮ፣ «መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተተክሎበታል። በአራት ሰዓት ደግሞ የያካቢ ዘር በሙሉ ሊመጣ ነው።

ዘራችን በየሰባት ዓመቱ ይህን ኮረብታ ይወጣል። ቱሪስቱ ግንቡን፣ ከግንቡ ማዶ ያለውን ሰማያዊ ባሕር ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። እኛ የምንወጣው ለዚያ ጥግ ነው። የጥንት ሰዎች እሳት ያነደዱበት ምድጃ እዚያ ነው፤ ሦስት ድንጋይ፣ ያለ ጣራ፣ ያለ ምልክት። እማማ ኡሺ ዘጠና አንድ ዓመቷ ነው። የዛሬ ሰባት ዓመት የት እንደምትሆን ለመገመት መማር አያስፈልግም። ዛሬ የምትመጣው የዘሩን ጸሎት የመምራት ሥራ ለአክስቴ ለሙጹ ልታስረክብ ነው፤ በምድጃው ፊት ያልሆነ ርክክብ ደግሞ ርክክብ አይባልም።

የጥበቃ ቢሮውን ኃላፊ ጋሼ ታማዮሴን በሩ አጠገብ የታሸገ ሻይ ሲጠጡ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ድንጋዮቹ የት ገቡ?»

«የትኞቹ? እዚህ ከድንጋይ ሌላ ምን አለና!»

«አይቀልዱብኝ። የትኞቹን እንደምል ያውቃሉ።»

አንገታቸውን አከኩ። እንዴት አያውቁ! የመንደራችን ሰው ናቸው። እናታቸው እዚያ ጥግ ተንበርክከው ሲጸልዩ አጠገባቸው ቁጭ ብለው የሩዝ ኬክ ሲበሉ ነው ያደጉት።

«ዶክተሩ ግቢውን አስጠርጓል» አሉ። «መሬት ላይ የተገኘው ሁሉ ቁጥር ተሰጥቶት ታች ሜዳው ላይ ተደርድሯል። የግንብ ድንጋይ፣ የማዕዘን ድንጋይ፣ ሌላ።»

«ሌላ ምን?»

«ሌላ ማለት ሌላ ነዋ! ጥርብ ያልሆነው። ነገ የግንቡ ሆድ ይሞላበታል።»

ዶክተር ኒሺዎ ከዋናው ምድር የመጡ የጥገናው ባለሙያ ናቸው። ድንኳናቸው ውስጥ ካርታ ዘርግተው፣ እርሳስ በጆሮአቸው ሰክተው ነበር። ነገሩን ስነግራቸው አላቋረጡኝም። ስጨርስ ማስታወሻ ደብተራቸውን ገለጡና አንዱን መስመር በጣታቸው አሳዩኝ።

«በላይኛው ግቢ የሚታወቅ ነገር አለ?» ይላል ጥያቄው። መልስ፦ «ምንም።» አስተርጓሚ፦ ቺሃሩ ያካቢ።

እውነት ነው። ባለፈው ዓመት አሮጊቶቹን ሲጠይቁ በእነሱና በዶክተሩ መካከል የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። አሮጊቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ «ምንም» አሉ፤ እኔም «ምንም» ብዬ አስተረጎምኩ። ያ ጥግ ለእንግዳ አይነገርም። በጣት አይጠቆምም፣ ወረቀት ላይ አይሰፍርም። በዓለም ጦርነቱ ጊዜ ወታደሮች ኮረብታውን ሲቆፍሩ ያተረፈው ይኸው ዝምታ ነው ይባላል። እኛ ቤት ልጅ ከስሙ ቀጥሎ የሚማረው ይህንን ነው።

«ዋሽቻለሁ» አልኩ። «ምድጃ ነበር።»

«ዛሬስ እውነቱን እየነገርሽኝ እንደሆነ በምን ልወቅ?» በትሕትና ነው የጠየቁኝ፤ የሚያናድደውም እሱ ነው። «ለኮሚቴው ማመልከት ትችያለሽ። ሦስት ወር ገደማ ይፈጃል።»

«ነገ ግንብ ውስጥ ሊቀበሩ?»

«‹ሌላ› ውስጥ ብቻ ስልሳ የሚሆን ድንጋይ ነው ያለው፣ ያካቢ። የቱ የቱ እንደሆነ አንቺም አትለዪውም።»

ይህቺን ንግግር አልወደድኳትም። ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም፤ ግን የቁፋሮ ሪፖርት ከከተማው ቤተ መጻሕፍት እየተዋስኩ አውቶቡስ ላይ ጨርሻለሁ። የዚህን ግንብ ድንጋይ ዓይኔን ጨፍኜ በመዳፌ እለያለሁ። «ይምጡና ይዩ» ብዬ ወጣሁ።

ሜዳው ስደርስ ሚኒባሶቹ እየቆሙ ነበር። ሃያ ሦስት ሰው፣ ግማሹ ከሰባ ዓመት በላይ፣ እያንዳንዱ የምግብ ሣጥን ታቅፎ። እማማ ኡሺ ምርኩዟን ይዛ ወረደች። የሆነውን ነገርኳቸው፤ ለዶክተሩ የነገርኳቸውንም ጭምር።

አክስቴ ሙጹ ጮኸች። «ነገርሻቸው? በአፍሽ? ምድጃ ብለሽ?»

«ብዬ።»

«አይነገርም ተብለሽ አላደግሽም? ያ መጽሐፍ ጭንቅላትሽን አዞረው!»

«ስላልነገርናቸው አይደል ጠርገው የጣሉት! የጠየቁት እኮ እኛን ነው፣ አክስቴ። ‹ምንም› አልናቸው። አመኑን።»

እማማ ኡሺ ምርኩዟን ወደ ድንጋዩ ክምር ቀሰረች። «ጭቅጭቁን ምሳ ላይ ትጨርሱታላችሁ። ልጅቷ ትፈልግ።»

በካርቶን ላይ «ሌላ» ተብሎ የተጻፈበት ክምር ጋ ተንበረከክሁ። አሮጊቶቹ የምግብ ሣጥናቸው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፤ ትርዒት የመጣላቸው ነው የሚመስለው።

«ሐብሐብ እየመረጠች ነው እንዴ?»

«ጆሮሽን አስጠጊው ቺሃሩ፣ ምናልባት ያወራሽ ይሆናል!»

«ባል ስትመርጥም እንዲህ ከተጠነቀቀች ሳታገባ ትቀራለች።»

«የእናንተን ባሎች አይቼ ነው የምጠነቀቀው» አልኩ፤ ሳቁ ሜዳውን ሞላው። አንዱን አነሳሁ፤ ልሙጥ፣ ክብ። ደስ ብሎኝ ወደ እማማ ኡሺ ዞርኩ። በምርኩዟ ነካ ነካ አደረገችው።

«እሱ አይደለም። እሱን ሰው ነክቶታል።»

ገልብጬ አየሁት። እውነቷን ነው፤ ከሥሩ የመሮ ጭረት አለበት። ወደ ክምሩ መለስኩት። ሙጹ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች። ደግሜ ጀመርኩ፤ አሁን አልቸኮልኩም። መሮ የነካው ድንጋይ መዳፍ ይቧጥጣል። ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ግን አልቧጠጠኝም። ጎኑ ላይ የጣቴን ጫፍ የሚያህሉ ክብ ክብ ቀዳዳዎች አሉበት። ሁለት መቶ አሥራ ሦስትም እንዲሁ። ሦስተኛው ከክምሩ ሥር ነበር፤ ሁለት መቶ አርባ። እማማ ኡሺ ምርኩዟን አላነሳችም። ራሷን ዝቅ አደረገች፣ በቃ።

ቀና ስል ዶክተር ኒሺዎ ከኋላዬ ቆመዋል። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው በርከክ አሉ።

«ቀዳዳውን ያዩታል?» አልኳቸው። «የባሕር ፍጥረት የቆፈረው ነው። ድንጋዩን ያለሰለሰው ማዕበል ነው። ባሕሩ ደግሞ ያ ታች ያለው ነው። ድንጋይ በራሱ ዳገት አይወጣም ዶክተር፤ ሰው ተሸክሞ ነው ያወጣው። ሦስቱን ብቻ። ምሽግ የሚሠራ ሰው ሦስት የባሕር ድንጋይ ምን ያደርግለታል?»

በአውራ ጣታቸው ቀዳዳውን ደባበሱት። «ይህንን እኔ ማየት ነበረብኝ» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ተነሱና ጉልበታቸውን አራገፉ። «ሪፖርት እጽፋለሁ። ነገም ግንብ ውስጥ አይገቡም። ግን ወደ ቦታቸው የመመለሱን ጉዳይ ኮሚቴው…»

«ኮሚቴው ሲሰበሰብ ይነጋገርበት» አልኩና ሁለት መቶ አሥራ ሁለትን አቀፍኩ።

ከባድ ነበር። ደረጃው ሰማንያ ሁለት ነው፤ ስንቴ ጠርጌዋለሁ። ሁለቱ የአጎቴ ልጆች የቀሩትን ተሸክመው ተከተሉኝ። ገመዱ ጋ ስንደርስ ጋሼ ታማዮሴ እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል።

«ቺሃሩ፣ ካለፍሽ ሥራሽን አጣሽ። እኔ ላድንሽ አልችልም።»

«አያድኑኝ።»

ከኋላዬ የምርኩዝ ኳኳታ መጣ። «አንተ የካማ ልጅ!» አለች እማማ ኡሺ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ዘወር በል። አለዚያ እናትህ እዚህ ጥግ ስለ አንተ ምን ብላ ትጸልይ እንደነበር ለእነዚህ ሁሉ እናገራለሁ።»

ጋሼ ታማዮሴ ጆሮአቸው ድረስ ቀሉ። ገመዱን አላነሱልንም፤ ግን ባሕር ላይ የሚታይ ነገር እንዳለ ሁሉ ጀርባቸውን ሰጡን። በገመዱ ሥር አለፍን። ጎንበስ ማለት ያቃታቸው አሮጊቶች በላዩ ሊሻገሩ ሲሞክሩ ገመዱ ከነሰሌዳው ወደቀ፤ ያነሳው ሰው የለም።

እማማ ኡሺ በምርኩዟ ጫፍ መሬቱን እየነካች ቦታቸውን አሳየችን። አንዱ ወደ ገደሉ፣ ሁለቱ ወደ ግንቡ። ነጭ ወረቀት ተነጠፈ። እሳት ክልክል ስለሆነ ጥቁሩን ጠፍጣፋ ዕጣን ሳናቀጣጥል፣ ቀዝቃዛውን አኖርን። ሩዙና አረቄው ቀረበ። እማማ ኡሺ ጸለየች፤ የሁላችንንም ስም፣ የልደት ዓመት፣ የቤት አድራሻ ሳይቀር ዘረዘረች። እኔ ጋ ስትደርስ «አንተን ‹ምንም› ያለችህ፣ በእጇ የመለሰችህም ይህችው ናት፤ እንዳየህ ፍረድ» አለችው ምድጃውን። ከዚያ የሙጹን እጅ ይዛ መሬቱን አስነካቻት። ሙጹ አለቀሰች። ርክክቡ ሆነ።

ተነስቼ፣ ካርታቸውን ይዘው ተከትለውን የወጡትን ዶክተር ካርታውን ጠየቅኋቸው፤ ቀይ እስክሪብቶም። ጥጉ ላይ ሦስት ክብ አደረግሁና ከጎኑ «ምድጃ» ብዬ ጻፍኩ።

«ደግሞ በወረቀት!» አለች ሙጹ እንባዋን ሳትጠርግ።

«በወረቀት። ከእንግዲህ ‹ሌላ› የሚለው ሰው ዓይኑ እያየ ይዋሽ።»

ሁሉም ወደ እማማ ኡሺ ዞሩ። የምግብ ሣጥኗን እየፈታች ነበር። «እኔ ማንበብ አልችልም» አለች። «ምንም አላየሁም።»

ዶክተር ኒሺዎ እርሳሳቸውን ከጆሮአቸው አወረዱ። «የመረጃ ምንጭ?»

«ቺሃሩ ያካቢ።»

«ባለፈው ዓመት ‹ምንም› ያለችኝስ?»

«እሷንም አይሰርዟት። ሁለቱም እኔ ነኝ።»

ጻፉ። ጋሼ ታማዮሴ የሥራ ካርዴን ሊቀበሉኝ እጃቸውን ዘረጉ። ከአንገቴ አውልቄ ሰጠኋቸው።

«ነገ እንዳትመጪ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እመጣለሁ ጋሼ» አልኳቸው። «ሊጠርጉኝ ከፈለጉ የት እንደምቀመጥ ካርታው ላይ አለ።»